ባሌ በፈቃዱ ያልገባበት ቤት

ባሌ ባጃጅ ነጂ ነው። ከዚያ በፊት ጋሪ ይነዳ ነበር፤ ዳንግላ ውስጥ ከመናኸሪያው እስከ ገበያው ያለውን ጉድጓድ ሁሉ መጀመሪያ በፈረስ፣ ቀጥሎ በሦስት ጎማ የሚያውቅ ሰው ነው። እኔ ገበያው ዳር ልብስ እሰፋለሁ። ከተጋባን ጀምሮ እሁድ እሁድ ወደ ቸርች የሚያደርሰኝ እሱ ነው። በሩ ላይ ያወርደኛል፣ ፕሮግራሙ ሲያልቅ ይመጣል፣ ይወስደኛል። በሩን ግን አንድም ቀን አልፎ አያውቅም ነበር።

«ትገባለህ?» እለዋለሁ ስወርድ።

«ሌላ ጊዜ» ይለኛል።

የኦርቶዶክስ ልጅ ነው። በቤተ ክርስቲያን ደጅ ሲያልፍ ባጃጇን ቀዝቀዝ አድርጎ ያማትባል፤ ተሳፋሪው ቢቸኩልም ግድ የለውም። ይህን ነቅፌበት አላውቅም፤ እኔም ያደግሁት እንደዚያው ነው። የምፈልገው እኔ ያገኘሁትን ደስታ እሱም አግኝቶት፣ አጠገቤ ቁጭ ብሎ ሲዘምር መስማት ነበር። ድምፁ ደግሞ ያምራል። ሰርግ ላይ ሲዘፍን ሰምቼው ነው የወደድሁት፤ መልኩን ያየሁት ኋላ ነው።

እሱን ለማስገባት ያልሞከርሁት ዘዴ የለም። አንድ ጊዜ ወንጌላዊያችንን ለምኜ በባሌ ባጃጅ ላይ አሳፈርሁት። ወንጌላዊው ወጣት ነው፣ ከኮሌጅ ከወጣ ብዙ አልቆየም፣ ሲናገር የሰው አፍ ያስከፍታል። እስኪደርሱ ድረስ ስለ ድነት እንዲያወራው ነበር ምክራችን። ባሌ ነገሩ የገባው ገና ሳይነሱ ነው። በአስፋልቱ መሄድ ሲችል በኮረኮንቹ ይዞት ሄደ። ወንጌላዊው «ወንድሜ፣ ጌታ» ሲል ባጃጇ ትዘላለች፤ «ይወድሃል» ሊል ሲል ምላሱን ይነክሳል። ሲደርሱ ሰውየው የሚያስበው ስለ ወገቡ ብቻ ነበር። ማታ እንዴት ነበር ብዬ ብጠይቀው፣ ባሌ «ጥሩ ሰው ነው፤ ወሬ አያበዛም» አለኝ።

በእህቶች የጸሎት ፕሮግራም የባሌ ጉዳይ ሳይነሳ የቀረበት ሳምንት የለም። ጾሜለታለሁ። ለምኜዋለሁ። አኩርፌዋለሁ። ሲብስብኝ ደግሞ በአገውኛ እናገረዋለሁ። የተወለድሁት ግምጃ ቤት በምትባለው ከተማ ነው፣ ስናደድ አገውኛው ይቀናኛል፤ እሱ ደግሞ ከሰላምታ በላይ አይሰማም።

«አሁን ሰደብሽኝ ወይስ ጸለይሽልኝ?» ይለኛል እየሳቀ።

አንዳንዴ ሁለቱንም ነበር።

የሚገርመው፣ በየሳምንቱ ተቀምጬ የምሰማው ትምህርት የዚህ ተቃራኒ ነበር። ሰው በሥራው አይድንም፤ መዳን የእግዚአብሔር ስጦታ ነው፤ ማንም የሚመካበት ነገር የለውም። እኔም እጄን አንስቼ ከሁሉ ቀድሜ አሜን እላለሁ። ቤት ስገባ ግን ባሌን በገዛ ጉልበቴ ለማዳን እጅጌዬን እሰበስባለሁ። ያኔ ይህን የሚነግረኝ ቢኖር ጥርሴን ነክሼ እቆጣው ነበር።

በዚህ ትምህርት ላይ ቸርቻችን ውስጥ ሁለት ሰዎች አይስማሙም። አንደኛው ያ ወጣት ወንጌላዊ ነው። እግዚአብሔር ጸጋውን ለሁሉ ዘርግቷል፣ በር ያንኳኳል እንጂ በር አይሰብርም፣ የሚከፍተው ሰው ነው ይላል። ሁለተኛው ከቸርቹ ሽማግሌዎች አንዱ የሆኑ፣ ጡረታ የወጡ አስተማሪ ናቸው። እሳቸው ደግሞ ሰው በኀጢአቱ ሙት ነው፣ ሙት በር አይከፍትም፣ በሩን የመክፈት ፈቃዱንም የሚሰጠው እግዚአብሔር ራሱ ነው ይላሉ። ከአምልኮ በኋላ በሻይ ሰዓት ይጀምሩና ሻያቸው በረዶ እስኪሆን ይከራከራሉ። ተኮራርፈው ግን አያውቁም፤ አንዱ ከቀረ ሌላው ቤቱ ድረስ ሄዶ ይጠይቀዋል፣ እዚያም ክርክሩን ይቀጥላል።

ነገሩ የሆነው እኔ በሌለሁበት እሁድ ነው። እህቴ አዲስ ቅዳም ከተማ ወልዳ ልጠይቃት ሄጄ ነበር። ክረምት ነው፤ ዝናቡ ሰማዩ የተቀደደ ያህል ይወርዳል። አራስ ቤት ገንፎ እየበላሁ፣ ሕፃን እያቀፍሁ፣ እውነቴን ነው የምለው፣ ባሌንም ድነቱንም ለሁለት ቀን ረሳኋቸው። ኔትወርክም ስላልነበረ አልደወልሁለትም።

ስመለስ መናኸሪያው ላይ ጠበቀኝ። ሻንጣዬን ተቀብሎኝ ወደ ባጃጇ ሲሄድ ያፏጫል። ፉጨቱን አወቅሁት። የኛ መዝሙር ነው፤ አዲስ የወጣ፣ መዘምራኑ ገና እያጠኑት የነበረ።

«ይህን ከየት ሰማኸው?»

«ከቸርች።»

«ከየትኛው ቸርች?»

«ካንቺው» አለኝና መሪውን ያዘ።

እዚያው አላስነሳውም አልሁ። ሞተሩን አጥፍቶ ታሪኩን ነገረኝ።

እሁድ ጠዋት ኦርጋን የሚጫወተው ልጅ ዘግይቶ ኖሮ፣ መንገድ ላይ ባሌን ያገኘውና ኦርጋኑን ይዞ ይሳፈራል። ዝናብ ነው። ኦርጋኑ እንዳይርስ ባሌ በላስቲክ ሸፍኖ አብሮት ተሸክሞ ይገባል፤ ዕቃ ማስገባት መግባት አይደለም ብሎ አስቦ። ሊወጣ ሲል የማይኩ ድምፅ ይቋረጣል። ሽቦው ማጉያው ላይ የሚሰካበት ቦታ ላልቷል። ባሌ ደግሞ የላላ ሽቦ አይቶ ማለፍ አይሆንለትም፤ ባጃጇን እስከ ዛሬ ያቆያት በላስቲክና በሽቦ እየጠገነ ነው። ጎንበስ ብሎ በአውራ ጣቱ ጫን ሲያደርገው ድምፁ መጣ። ሲለቀው ጠፋ። ሲይዘው መጣ።

«ወንድሜ፣ ስብከቱ እስኪያልቅ ብቻ ያዝልን» አሉት።

ባሌ ከመድረኩ ሥር፣ ወለሉ ላይ፣ ሽቦ ይዞ ተቀመጠ።

ወንጌላዊው ተነስቶ «ዛሬ ስለ ነጻ ፈቃድ እንማራለን» አለ። ያን ሰሞን የባሌ መንጃ ፈቃድ የሚታደስበት ጊዜ ደርሶ፣ መንገድ ትራንስፖርት ቢሮ ሲመላለስ ጫማው አልቋል። «ነጻ ፈቃድ» ሲባል ጆሮው ቆመ። እነዚህ ሰዎች ፈቃድ ያለ ክፍያ የሚያወጣላቸው ዘመድ አላቸው ብሎ አሰበ፤ ጴንጤ እርስ በርሱ ይረዳዳል ሲባል ሰምቶ ነበርና። የት ሄዶ ማንን ማነጋገር እንዳለበት እስኪነገር ድረስ አንዲት ቃል እንዳታመልጠው ትንፋሹን ይዞ አዳመጠ።

ነገሩ ሌላ መሆኑ ሲገባው መነሳት አልቻለም። ሽቦው አለ።

«ከዚያ» አለኝ፣ ድምፁ ቀነስ አለ፣ «ከዚያ አባቱ በጠራው ቁጥር ሌላ ጊዜ እያለ ስለሚኖር ልጅ ያወራ ጀመር። አንቺ ነሽ የነገርሽው?»

«ኧረ በጌታ! ምንም አልነገርሁትም።»

«እንባዬ መጣ። መጥረጊያ እጅ የለኝም። አንደኛው ሽቦውን ይዟል፣ ሌላኛው የያዘውን ደግፏል። እንዲሁ ወረደ።» ባሌ ይህን ሲል አፍሮ በመስተዋቱ ወደ ኋላ ያይ ጀመር፤ ከኋላችን ማንም አልነበረም። «መጨረሻ ላይ ጌታን የሚቀበል እጁን ያንሳ አለ። እንዴት ላንሳ? ካነሳሁ ድምፁ ሊጠፋበት ነው። ዝም ብዬ ተቀመጥሁ። እጄን ሳላነሳ ሆነ።»

እልልታዬን አቀለጥሁት። መናኸሪያው ላይ ያሉ የሚኒባስ ረዳቶች ሁሉ ዞሩ፤ አንዱ ልጅ ወለድሽ ወይ ብሎ ጮኸ። ባሌን አንገቱን አንቄ ሳምሁት። በደስታዬ መሃል ግን አንዲት ነገር ቆንጠጥ አደረገችኝ፤ አልቀናሁም ብል ውሸት ነው። የጾምሁት እኔ፣ የጸለይሁት እኔ፣ የለመንሁት እኔ፣ ያስገባው ግን የላላ ሽቦ! ያውም እኔ ገንፎ ስበላ! ትንሽ ቆይቶ ግን ሳቄ አሸነፈኝ። ቤት እስክንደርስ እሱ እያፏጨ እኔ እየሳቅሁ ሄድን።

ከዚያ በኋላ የጥምቀት ትምህርት ጀመረ። እናቱ ነገሩን ሲሰሙ አኮረፉ፤ ኋላ ግን ከበዓል ምሳ እንዳይቀርባቸው ብቻ አስምለው ታረቁት። ትምህርቱ ሲያልቅ በወንዝ ከመጠመቁ በፊት በሽማግሌዎች ፊት ቀርቦ መጠየቅ አለበት። ከጥያቄዎቹ ሁሉ የምታስፈራኝ አንዷ ናት፦ በገዛ ፈቃድህ ነው ወይ? ጥያቄዋ የመጣችው በምክንያት ነው። ለትዳር ብለው፣ ሚስት ደስ ይበላት ብለው የተጠመቁ ሰዎች ነበሩ፤ ሰርጉ ሲያልፍ አብረው አለፉ። ስለዚህ ቸርቹ ደንብ አወጣ። ተገፍቶ የመጣ ሰው አይጠመቅም፣ የሚቀጥለውን ዙር ይጠብቃል።

ባሌን አውቀዋለሁ። አንዴ ከመለሱት ሁለተኛ አይመጣም፤ ኩራቱ አያመጣውም። ይህን ሳስብ መርፌው እጄን ይወጋኝ ጀመር። ስለዚህ አስጠናሁት።

«አዎ፣ በገዛ ፈቃዴ ነው ትላለህ። አለቀ።»

«ፈቃዴ ካልሆነስ?»

መቀሱን አስቀመጥሁ። «ምን ማለት ነው?»

«እንዲያው ነው» አለና ሳቀ። ቀልድ መስሎኝ ተውሁት።

ጥያቄው የተደረገው በገበያ ቀን፣ ከሰዓት በኋላ፣ ከአዳራሹ ጀርባ ባለችው ጠባብ ክፍል ነው። ወንጌላዊውና ያ አስተማሪ ሽማግሌ ጠረጴዛው ኋላ፣ ባሌ ከፊታቸው ወንበር ላይ፣ እኔ ደግሞ እንደ ባለቤት ግድግዳው ሥር አግዳሚ ላይ ተቀመጥን። ምንም እንዳልናገር አስቀድመው አስጠነቀቁኝ። ያውቁኛል።

ባሌ ጥሩ መለሰ። ጌታ ማን እንደሆነ ተጠየቀ፣ መለሰ። ስለ ኀጢአቱ ተጠየቀ፣ ትራፊክ ፖሊሶች ላይ የሚዋሸውን ውሸት ሳይቀር ተናገረ፣ ትቻለሁም አለ። ወንጌላዊው ደስ ብሎት ወደ መጨረሻዋ ጥያቄ ደረሰ።

«እዚህ የመጣኸው በገዛ ፈቃድህ ነው?»

«አይደለም» አለ ባሌ።

ሁለቱም ቀስ ብለው ወደ እኔ ዞሩ።

«ባለቤትህ ገፍታህ ነው?» አለ ወንጌላዊው፣ ለእኔም ለእሱም አዝኖ።

«እሷማ ስትገፋኝ ኖራለች» አለ ባሌ። «እሷ ስትገፋኝ አልገባሁም።»

ሳላስበው በአገውኛ አንድ ነገር አልሁት፤ እዚህ አልጽፈውም። ሽማግሌው ሳቃቸውን በመዳፋቸው ከደኑና በዚያው በአገውኛ፣ ልጄ ታገሺ፣ ሰውየው ይናገር አሉኝ። የአገራችን ሰው መሆናቸውን ረስቼው ነበር። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድሁ።

ባሌ ታሪኩን ነገራቸው፤ ዝናቡን፣ ኦርጋኑን፣ ሽቦውን፣ ያላነሳውን እጅ። «መግባት አልፈለግሁም ነበር» አላቸው። «ፈቃዴ ውጭ ነበር፣ ባጃጇ ጋ። በገዛ ፈቃዴ ነው የመጣሁት ብል ዋሸሁ ማለት ነው። አሁን ደግሞ መዋሸት ትቻለሁ አልኋችሁ።»

ወንጌላዊው ወደ ፊት ዘንበል አለ። «ሽቦውን መልቀቅ ትችል አልነበር?»

«እችል ነበር።»

«ለቀቅኸው?»

«አለቀቅሁትም።»

«ይኸው! ፈቃድ ማለት ይህ ነው!»

«ቆይ እንጂ» አሉ ሽማግሌው። «ሽቦውን ያላላው ማን ነው? ዝናቡን ያዘነበው ማን ነው? ሚስቱን ያን ቀን አዲስ ቅዳም የላካት ማን ነው?»

«እህቴ ናት፣ ወልዳ» አልሁ ከግድግዳው ሥር።

«ዝም!» አሉኝ ሁለቱም፤ በዚህ ብቻ ተስማሙ።

ከዚያ ባሌን ረሱት። ሽማግሌው ጌታ ከመቃብር የጠራውን ሙት ፈቃድህ ነው ወይ ብሎ አልጠየቀውም አሉ። ወንጌላዊው ደግሞ ሙቱ ሲጠራ በገዛ እግሩ ነው የወጣው፣ ጌታ ተሸክሞ አላወጣውም አለ። እግሩን ማን ሰጠው አሉ ሽማግሌው። የተሰጠውን እግር ማን አራመደው አለ ወንጌላዊው። ባሌ ኳስ ጨዋታ እንደሚያይ ሰው አንገቱን ከአንዱ ወደ ሌላው ያዞራል። ሌላ ቀን ቢሆን እኔም ገብቼ ከአንዱ ጋር እቧደን ነበር፤ እንዲህ ያለ ክርክር ነፍሴ ነው። ያን ቀን ግን የነጠላዬን ጫፍ ስቋጥር ስፈታ ቆየሁ።

በመጨረሻ ወንጌላዊው ተነፈሰ። «አባባ፣ ክርክሩ ይቆየን። ደንቡ ግልጽ ነው። ሰውየው አይደለም ብሏል። እወደዋለሁ፣ ግን አይደለም ያለን ሰው እንዴት እናጠምቃለን? ለሚቀጥለው ዙር ይቆይ።»

ሽማግሌውም አልተቃወሙም። ደንቡን ካወጡት አንዱ እሳቸው ነበሩ።

ብድግ አልሁ። ልናገር አፌን ከፈትሁ። ልገፋው ብል፣ መግፋቴ ነው የሚያስመልሰው። ልማጸንለት ብል፣ ያው ነው። ያን ሁሉ ጊዜ ስሠራው የኖርሁት ሥራ ከእጄ አለቀ። አፌን ዘግቼ ቁጭ አልሁ። ጌታ ሆይ፣ ስትጀምረው እኔን አልጠየቅኸኝም፤ ስትጨርሰውም አትጠይቀኝ አልሁት በሆዴ። በሕይወቴ ከጸለይሁት ጸሎት አጭሩ ይህ ነው።

በዚህ መሃል ከውጭ የሴት ድምፅ መጣ።

«ባለ ባጃጅ! ኧረ ባለ ባጃጅ! የት ገባህ?»

ሁላችንም በመስኮቱ አየን። ከገበያ የተመለሱ እናት፣ እግራቸው ሥር ሁለት ጆንያ ድንች፣ የባሌን ባጃጅ በመዳፋቸው ይደበድባሉ። ሰማዩ ጠቁሯል።

«ኮንትራት ውሰደኝ ልጄ! ዝናብ ሳይመጣብኝ!»

ኮንትራት፣ ያውም በገበያ ቀን! ባሌ ለዚህ ምሳውን ጥሎ የሚሮጥ ሰው ነው። ከወንበሩ ሲነሳ አየሁት። ዓይኔን ጨፈንሁ። በቃ፣ ሄደ አልሁ፤ በሩ ክፍት ነው፣ የሚይዘውም ሽቦ የለም።

የበሩን ድምፅ ስጠብቅ የመስኮቱን ሰማሁ። ዓይኔን ስገልጥ ባሌ መስኮቱን ከፍቶ፣ በዚያ በሚያምረው ድምፁ፣ ሰፈሩ በሙሉ እየሰማው ይጮሃል።

«ተይዣለሁ እማማ! ተይዣለሁ!»

መስኮቱን ዘጋና ተመልሶ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። «ይቅርታ» አለ፣ «የቱ ጋ ነበርን?»

መጀመሪያ የሳቁት ሽማግሌው ናቸው። ሳቃቸው ድምፅ የለውም፣ ትከሻቸው ብቻ ይንቀጠቀጣል፤ ቀጥሎ መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን ጠረጉ። ወንጌላዊው ለትንሽ ጊዜ ባሌን ትኩር ብሎ ካየው በኋላ ግንባሩን ጠረጴዛው ላይ ደፍቶ ሳቀ። እኔ እየሳቅሁ ይሁን እያለቀስሁ አላውቅም። ባሌ ብቻ ግራ ተጋብቶ ያየናል።

«አሁን ማን አስገደደህ?» አለው ወንጌላዊው።

«ማንም አላስገደደኝም።»

«ማን ያዘህ ታዲያ?» አሉት ሽማግሌው።

ባሌ አሰበ። ጥያቄው ከባድ መሆኑ ገብቶታል፤ እጆቹን ዘርግቶ አያቸው፣ ባዶ ናቸው። «እንጃ» አለ፣ ፈገግ ብሎ። «ብቻ ተይዣለሁ።»

«ለእኔ ይበቃኛል» አሉ ሽማግሌው።

«ለእኔም ይበቃኛል» አለ ወንጌላዊው፤ ከዚያ በኋላ ማን እንዳሸነፈ ይከራከሩ ጀመር፣ እስከ ዛሬም አልጨረሱም። ባሌ ግን እሁድ ከሌሎቹ ጋር ወደ ወንዝ እንዲወርድ ተፈቀደለት።

ስንወጣ ዝናቡ ማካፋት ጀምሯል። እኚያ እናት ነጠላቸውን ተከናንበው አሁንም ባጃጇ አጠገብ ቆመዋል።

«አንተ! ተይዣለሁ ብለኸኝ አልነበር እንዴ?» አሉት በቁጣ።

«አዎ፣ ተይዣለሁ እማማ» አላቸው ባሌ፣ ጎንበስ ብሎ የመጀመሪያውን ጆንያ እያነሳ። «ግን ቦታ አለ። ይግቡ።»